ውኃ ላይ ላለው ሰው የሚቀመጥ ድርሻ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዓሣ ላሳርድ ወደ መንገድ ወጣሁ።

ይህ የሆነው ደሴ፣ ፒያሳ፣ እትዬ ዝናሽ ዓሣ ቤት ነው። ያደግሁት ከሐይቅ ከተማ በላይ ባለ ደጋ፣ ገብስና ባቄላ በሚዘራበት ቀበሌ ነው። ሐይቁ ከእኛ ተራራ ላይ ሲታይ የተወለወለ ሰሐን ይመስላል። ውስጡ የሚበላ ነገር እንዳለ ግን እኛ ቤት ተወርቶ አያውቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ስላልበቃኝ፣ እንደገና እስክፈተን ድረስ ሥራ ፍለጋ ደሴ ወረድኩ፤ እትዬ ዝናሽም ቀጠሩኝ።

እትዬ ዝናሽ ረጅም፣ ጠይም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ከሐይቅ የመጣ እርጥብ ጆንያ እግሬ ሥር አስቀመጡና፣ «እነዚህን ፋቂና ክፈቺ፤ ሽንኩርት ይዤ መጣሁ» ብለው ወጡ። ጆንያውን ስፈታው ከላይ የነበረችው ቆሮሶ የሚሏት ዓሣ በጅራቷ እጄን መታችኝ። ነፍስ አላት።

እኛ ቤት ነፍስ ያለው ነገር ሳይታረድ አይከፈትም። ዶሮ እንኳ ብትሆን እናቴ ይዛት ወንድ ፍለጋ ትወጣለች። አባቴ ከሌለ ጎረቤት፣ ጎረቤት ከሌለ መንገደኛ ቢስሚላህ ብሎ ያርድላታል። እኔም አዲሷን አሠሪዬን ላስደስት ብዬ በአንድ እጄ ቢላ፣ በሌላው ቆሮሶዋን ይዤ ወጣሁ። ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ልብስ ሰፊ መኪናቸውን እየረገጡ ነበር።

«አሰላሙ ዐለይኩም አባቴ፤ ይቺን ይረዱልኝ» አልኳቸው።

እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። «ማንን?»

«ዓሣዋን።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። «ልጄ፣ ይቺንማ አላህ ራሱ ጨርሷታል፤ እኔ ምን ልጨምርባት? የውኃ ነገር ቢላ አይጠብቅም!» ወደ ዓሣ ቤቱ ዞረውም ጮኹ፦ «ዝናሽ! አዲሷ ልጅሽ ዓሣ ልታሳርድ መጥታለች!»

መንገዱ በሙሉ ሳቀብኝ። አንድ ባጃጅ ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ «ቆዳውን ለእኔ ሽጪልኝ!» ብሎኝ አለፈ።

እትዬ ዝናሽ አልሳቁም። አስገብተው ዱካ ላይ አስቀመጡኝ።

«ስሚ ሀያት። አንቺ ብታሳርጃት ክርስቲያኑ ደንበኛዬ የእስላም ሥጋ ነው ብሎ ይተዋታል። እኔ ባሳርዳት ደግሞ ጋሽ ሐሰን፣ ያ ልብስ ሰፊው፣ አይቀምሳትም። ዓሣ አራጅ የለውም፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። እዚህ ቤት አንድ ድስት ብቻ ያለው ለዚህ ነው።»

«እሺ» አልኩ። የሰማሁት ግን ኀፍረቴን ብቻ ነበር።

በዓሣ ቤት ማዕረግ አለ። መጀመሪያ እቃ አጣቢ፣ ቀጥሎ ፋቂ፣ ቀጥሎ ጠባሽ፣ ከሁሉ በላይ ወጥ ሠሪ። ፋቂ ቅርፊት የምታነሣው በቢላው ጀርባ ነው፤ ከጅራት ወደ ራስ። ሐሞት ካፈነዳች ዓሣው ይጣላል፤ ያን ቀን ማንም አያናግራትም። ጠባሽ ዘይቱ መድረሱን የምታውቀው ቁራጭ ሽንኩርት ጥላበት ነው። ወጥ ሠሪ ግን እትዬ ዝናሽ ብቻ ነበሩ። ለገበያ የምንሠራው ጥብስ፣ ለብለብና ጉላሽ ነው፤ ይህን ደሴ ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላ አንድ ወጥ ነበራቸው፤ ለገበያ የማይወጣ። እኔ ጠባሽ በሆንኩ ጊዜ አንድ እሑድ ዓሣ ቤቱን ዘግተው ሲሠሩ አየሁ። ዓሣውን እንደ እኛ ከሆዱ አልከፈቱትም። ከጀርባው፣ በአከርካሪው ጎንና ጎን ከፍተው እንደ መጽሐፍ ዘረጉት።

«እትዬ፣ ለምን በጀርባው?»

«ሆዱ ሳይቀደድ ሲቀር ምን ይመስላል? እይው።»

አየሁ። «ታንኳ።»

«በቃ፣ ታንኳ ነው። እናቴ የተቀደደ ታንኳ ለልጆቼ አላበላም ትል ነበር።»

እትዬ ዝናሽ ዛይ ናቸው፤ በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዷ የተወለዱ። ከደሴ ወደ ደቡብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር አግብተው እዚህ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ደሴቷ ላይ የቀሩት ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ወጡ በዛይኛ የራሱ ስም አለው፤ እሳቸው ግን ደሴ ላይ «የእናቴ ወጥ» ነው የሚሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጀርባው የተከፈተው ዓሣ ጨው ነክቶት ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የደረቀው ፍም ላይ ተለብልቦ በሙቀጫ ይወቀጣል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮሰረት ይገባል፤ ከዚያ የተወቀጠው ዓሣ። መጨረሻ ላይ ትኩስ የዓሣ ቁራጭ ከላይ ይደረደራል። ከዚህ በኋላ ማማሰያ አይነካውም። የሸክላውን ድስት በሁለት ጆሮው ይዞ መወዝወዝ ነው።

«ቀስ!» አሉኝ ድስቱን ሲሰጡኝ። «ሰው የጫነ ታንኳ ነው የያዝሽው።»

ሲበስል ለማንም ሳያወጡ ከሁሉ የተሻለውን ቁራጭ በትንሽ ጣባ አድርገው፣ ከድነው ምድጃው ዳር አስቀመጡት።

«የማን ነው?» አልኳቸው።

«ውኃ ላይ ላለው ሰው።»

አባታቸው አንድ ጊዜ ለማጥመድ እንደወጡ ነፋስ ተነሣ። ታንኳቸው አልተመለሰም። ጎረቤት ለለቅሶ መሰብሰብ ጀመረ። እናታቸው ግን የባላቸውን ድርሻ ጣባው ላይ አስቀምጠው፣ «ድርሻው ያልተበላ ሰው አልሞተም» ብለው ማንንም አላስለቀሱም። አባታቸው ሌላ ደሴት ላይ ተጠግተው ኖሮ፣ ነፋሱ ሲበርድ መጡ። ሰላም ሳይሉ ጣባውን ከፍተው በሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ድርሻ የሚቀመጠው በቦታው ለሌለው ሰው ነው።

«እዚህ ደሴ ውስጥ ውኃ የት አለና?» አልኩ።

«መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ውኃ ላይ ነው» አሉኝ።

ቀመስኩት። ለእኔ ማር ነበር። እሳቸው ግን ማንኪያውን አስቀመጡት። «አልሆነም። ደሴ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። ይሄ የጭስ ዓሣ ነው፤ የእናቴ የፀሐይ ነበር።»

ደሴን የሚያውቅ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ብርድ ነው። ዓሣ ቢሰጣ አይደርቅም፤ ይረጥባል፤ ይሸታል። ስለዚህ እትዬ ዝናሽ ከምድጃው በላይ ሰቅለው በጭስ ነበር የሚያደርቁት።

መፍትሔው የመጣው እኔ ፈተናውን እንደገና ወስጄ ሲሳካልኝ ነው። የተመደብኩት ኮምቦልቻ፣ አንደኛ ዓመት ነው። የተከራየኋት ክፍል ከቆርቆሮ ሥር ስለሆነች ቀን ቀን ከሙቀቱ የተነሣ አይገባባትም። አንድ ቀን የታጠበ ልብሴን አስጥቼ፣ መጽሐፌን ገልጬ ሳልጨርስ ደርቆ አገኘሁት። ወዲያው ለእትዬ ዝናሽ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ዓሣውን እኔ ላድርቀው።»

«የት ልታደርጊው?»

«ኮምቦልቻ ፀሐይዋ የእናትዎን ትመስላለች።»

ቅዳሜና እሑድ ደሴ እየሄድኩ መሥራቴን አልተውኩም ነበር፤ እሑድ ስመለስ በጀርባቸው የተከፈቱ ቆሮሶዎች በፌስታል ላይ ፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ገባሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ሳንወርድ ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ ዞረ። «ኧረ ወገን፣ ሐይቅን ማን ነው የጫናት?» ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ አየ። ከአጠገቤ ያሉት እናት፣ «አብሽሪ ልጄ፤ አንቺ ባሕር ብትጭኚ እሱ ወሬ ጭኗል» ብለው መስኮቱን ከፈቱልኝ።

ግቢያችን ውስጥ ቆጥ ሠራሁ። ከላይ ከዝንብ እንዲጠብቀው የመኝታዬን አጎበር አለበስኩት። ለራሴ የወባ ትንኝ ቀረችልኝ። ዓሣው ሁለት ፀሐይ ጠጥቶ እንደ ጫማ ሶል ደረቀ፤ በጣት ሲመታ ይጮኻል። ወደ ደሴ ወስጄው እትዬ ዝናሽ ፍም ላይ ለበለቡት፣ ወቀጡት፣ ሠሩት። ቀመሱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ይሄ ነው» አሉ። «ሀያት፣ ይሄ ነው!» ሁለቱን ትከሻዬን ይዘው እንደ ድስት ወዘወዙኝ።

በዚያው ወር ልጃቸው ጽዮን ታጨች። ጽዮን ኮምቦልቻ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ለእኔ እንደ እህት የሆነች ልጅ ናት። ሠርጉ ለጥር ነበር። እትዬ ዝናሽ በመልሱ ዕለት፣ አማቾች ሁሉ በሚመጡበት፣ የእናታቸውን ወጥ ለማቅረብ ወሰኑ። መጀመሪያ የተቃወመቻቸው ሙሽራዋ ናት።

«እማዬ፣ ትምህርት ቤት ‘ዓሣዋ መጣች’ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በዚያች አንድ ቀን እንኳ ዓሣ ዓሣ አልሽተት!»

ሁለተኛው የሙሽራው አጎት አቶ ይመር ናቸው። ስለ መልሱ ሊመክሩ ከኮምቦልቻ መጥተው ይህን ሲሰሙ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«በመልስ ዓሣ? ምነው ወይዘሮ ዝናሽ፣ ሙሽራውን ልታዋኙት ነው? እኛ እኮ በሬ ነው የምናውቀው።»

«በሬውም አለ። ለሙስሊም እንግዶቻችን በራሳቸው ሰው የሚታረድ ሙክትም አለ» አሉ እትዬ ዝናሽ። «የእኔ ድስት ሦስተኛ ሆኖ መሐል ይቀመጣል።»

«ሰው ባይበላውስ?»

«ያን ቀን እናያለን።»

ሦስተኛው በስልክ የመጣው ወንድማቸው ነው። ጋሽ ደምሴ እህታቸው ደሴቷን ጥለው ከሄዱ ጀምሮ ደሴን ረግጠው አያውቁም። ለእህታቸው ልጅ መልስ ግን እመጣለሁ ብለዋል። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ዝናሽ፣ አንቺ ያን ቀን የሙሽራ እናት ነሽ፤ እንግዳ ትቀበያለሽ እንጂ ወጥ ቤት አትገቢም። ልጅሽ አታውቀው። ማን ሊሠራው ነው? ይቅር፣ አታዋርጂው።»

«ሀያት ትሠራዋለች።»

«ሀያት ማናት?»

«የወሎ ደጋ ልጅ ናት።»

«ውኃ ያላየች?»

«ከተራራ ላይ አይታዋለች» አሉ እትዬ ዝናሽ፣ ስልኩንም ዘጉት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቱን ልንገርሽ። እኔ ብሞት ይሄን ወጥ ለጽዮን ልጆች የሚሠራ የለም። ያን ቀን ሰው ፊት ወጥቶ ከተበላ የቤታችን ምግብ ይሆናል። ድስቱ ሞልቶ ከተመለሰ ግን ሁለተኛ አልሠራውም። ልጄንም አላስቸግራትም።»

የእኔ ጠባይ ሰው እንዳይከፋ መሮጥ ነው። ደንበኛ ጨው አነሰው ሲል እጨምራለሁ፤ በዛ ሲል ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ደሴ ውስጥ ይህን ወጥ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

ሰኞ ገበያ ወርደን ሥጋ ነክቷቸው የማያውቁ አዳዲስ የሸክላ ድስቶች ገዛን። እትዬ ዝናሽ እያንዳንዱን በጣታቸው እየመቱ ድምፁን ሰሙ። ሻጯ፣ «እመቤት፣ ድስት ነው ወይስ ከበሮ የሚገዙት?» አለቻቸው። በጎመን ዘር አሟሸናቸው። እኔ ኮምቦልቻ ያደረቅሁትን አመጣሁ። ትኩሱ ዓሣ በመልሱ ዕለት ጠዋት ከሐይቅ ደረሰ።

ያን ቀን እንደተማርኩት፣ ትኩሱንም ዓሣ በጀርባው ከፍቼ ሠራሁ። ድስቶቹን አላማሰልኩም፤ ወዘወዝኩ። ክንዴ ዛለ። ሲበስል ለማንም ሳላወጣ ከሁሉ የተሻለውን ቁራጭ በጣባ አድርጌ ከደንኩት፤ ከድስቶቹ ጀርባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ጋሽ ደምሴ እስከዚያ አልመጡም። አውቶቡሳቸው መንገድ ላይ ተበላሽቷል ተባለ። ስልካቸውም አይሠራም።

ድንኳኑ በደንብ ተዘርግቷል። በግራ የክርስቲያኑ፣ በቀኝ የሙስሊሙ ምግብ፣ መሐል የእኔ ድስቶች። ጸሎቱና ዱዓው አለቀ፤ ሰው ተነሣ። ወሎ ውስጥ ማንም ሳይነገረው ሰልፉን ያውቃል። ሰዉ በግራና በቀኝ ተሰለፈ። መሐል ላይ እኔ ጭልፋ ይዤ ቆምኩ። አንድም ሰው አልመጣም።

ምን እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ኋላ ግን ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አንዷ፣ «ልጅቷ ሒጃብ አድርጋለች፤ የእስላም መሆን አለበት» አለች። ወዲያው ከቀኝ ሰልፍ አንድ ሰውዬ፣ «ቤቱ የክርስቲያን ነው፤ የእነሱ ነው» ብሎ አለፈኝ። ክርስቲያኑ የሙስሊሙ ነው አለ፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑ። ሁሉም እኔን ላለማስቀየም ፈገግ እያለ ያልፋል።

እትዬ ዝናሽ ከአማቾች መሐል ሆነው አዩኝ። መጥተው ሊያግዙኝ አይችሉም። ጽዮን ከነካባዋ አንገቷን ደፋች። አቶ ይመር በሳህናቸው ላይ ሥጋ ቆልለው ሲያልፉ፣ «የእኔ ልጅ፣ ነግሬያቸው ነበር» አሉኝ፤ ክፋት አልነበረበትም።

ያኔ የመጀመሪያ ቀኔ ትዝ አለኝ። ጋሽ ሐሰን ከቀኙ ሰልፍ ፊት ላይ ነበሩ። ከትኩሱ ዓሣ አንድ ቁራጭ በሳህን አድርጌ፣ በድንኳኑ መሐል ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ድምፄን ሁሉም እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት።

«ጋሽ ሐሰን፣ ይቺን ይረዱልኝ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው የሳቃቸው ድምፅ ድንኳኑን አናወጠው።

«ያ ጀማዓ!» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ይቺ ልጅ ሥራ የጀመረች ዕለት ዓሣ በጅራቷ አንጠልጥላ፣ ቢላ ይዛ እኔ ሱቅ መጣች። እረዱልኝ አለችኝ! ወላሂ!» እጃቸውን እያወናጨፉ ሁሉንም አወሩት፤ ያላልኩትንም ጨመሩበት። በእሳቸው አወራር ዓሣዋ አምልጣኝ ፒያሳን ሁሉ አሯሩጣኛለች። በግራም በቀኝም ያለው ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«እንግዲህ ስሙ» አሉ። «በሬው አራጅ አለው። ሙክቱም አራጅ አለው። ዓሣን ያረዳት ማነው?» ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። አኘኩ። አንዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይመር! ና ወዲህ፤ በሬህ አይቀናም!»

አቶ ይመር ሰው ፊት ተጠርተው እንቢ የሚሉ አይደሉም። መጡ። ጎረሱ። ሳህናቸውን አዩት፤ የቆለሉትን ሥጋ ወደ ዳር ገፉት። «ከታች፣ ከደረቀው ጨምሪልኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውሰውም፤ ጭልፋዬን ብቻ ነው የማስታውሰው። የግራው ሰልፍ ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ታጥፎ መሐል ላይ ተገናኘ። ጸሎቱን ያደረሱት ቄስ ከጋሽ ሐሰን ጋር ከአንድ ትሪ በሉ። ያቺ የተንሾካሾከችው ሴት፣ «በርበሬው የየት ነው? ዓሣው ምን ተደርጎ ነው?» እያለች ጭልፋዬን ልትቀማኝ ደረሰች። ድስት ድስቱን እያስከተለ አለቀ። የመጨረሻውን ልጆች በእንጀራ ጠርገው አጸዱት።

አቶ ይመር ለሦስተኛ ጊዜ መጡ።

«አለቀ፣ ጋሽ ይመር።»

«ያቺስ?» ጣባዋን አይተዋታል።

«እሷ የሰው ናት።»

«የማን? ሁሉም በልቷል።»

«መንገድ ላይ ላለ ሰው።»

«መንገድ ላይ ያለማ ሆቴል ይበላል! የሙሽራው አጎት እኮ ነኝ፤ ስጪኝ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ያየናል። የአማች ወገን፣ ዋና እንግዳ፣ ለዚያውም የወጡ ወዳጅ የሆኑ ሰው። ሌላ ቀን ቢሆን ጣባውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ይቅርታ ጠይቄ እሰጣቸው ነበር።

«አልሰጥዎትም» አልኳቸው። «ድርሻው የሚበላው ሲመጣ ነው። ይቆጡኝ፣ ግን አልሰጥዎትም።»

አቶ ይመር ቅንድባቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ እትዬ ዝናሽ ዞረው፣ «ወይዘሮ ዝናሽ፣ ይቺ ልጅ የባንክ ቤት ዘበኛ ናት እንዴ!» አሉና ስቀው ተቀመጡ። እትዬ ዝናሽ እንደ ሙሽራ እናት ቀጥ ብለው ቆሙ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። አቧራ የለበሱ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ ከነቦርሳቸው ወረዱ። መልካቸው የእትዬ ዝናሽ ነው። እህታቸው ሮጠው ተጠመጠሙባቸው። ጋሽ ደምሴ በእህታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ድስቶቹን አዩ።

«ባዶ ነው» አሉ።

«ተበልቶ ነው» አሉ እትዬ ዝናሽ። እንዲህ ባለ ኩራት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ጣባውን በሁለት እጄ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ክዳኑን አነሡ። አልጎረሱም፤ መጀመሪያ ዓሣውን በጣታቸው ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩ። የተከፈተው በጀርባው ነው። ሆዱ ደህና ነው። ከዚያ ቆመው እንደመጡ፣ እጃቸውን ብቻ አስታጥበናቸው፣ በሉ። ድንኳኑ በሙሉ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።

«ማን ነው ያስቀመጠልኝ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ውኃ ላይ ነበሩ።»

«እውነትሽን ነው» አሉ። «አዋሽን ተሻግሬ ነው የመጣሁት።»

ጣባውን ጠርገው ለእህታቸው አቀበሏቸው። «ዝናሽ፣ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እኛም ቤት አንድ ጣባ ይከደናል። የማን ነው ብለው ልጆቹ ሲጠይቁኝ፣ ደሴ ላለችው እላቸዋለሁ።»

እትዬ ዝናሽ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ጽዮን መጥታ አጎቷ አጠገብ ተቀመጠች። በጣባው ጠርዝ ላይ የቀረውን ወጥ በጣቷ ጠርጋ ላሰች። «ካባሽ!» አልኳት። «ይሽተት» አለችኝ።

አሁን ያ ወጥ በእትዬ ዝናሽ ዓሣ ቤት የዘወትር ምግብ ሆኗል። ጽዮን ኮምቦልቻ በገባችበት ቤት ጣሪያ ላይ ዓሣ ታደርቃለች፤ አጎበሬም ተመለሰልኝ። አቶ ይመር ደሴ በመጡ ቁጥር አይቀሩም። ጋሽ ደምሴ ስልክ እየደወሉ ሙሉውን የቤተሰቡን ታሪክ ለጽዮን ያወሯታል፤ እሷም የወጡን ስም በዛይኛ ትጠራዋለች። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪ፣ ቅዳሜና እሑድ ወጥ ሠሪ ነኝ።

ይህን የጻፍኩት አዲስ ገብተው ፋቂ ለሆኑት ሴቶች ነው። ዓሣውን በጀርባው ክፈቱት። ድስቱን አታማስሉ፤ ወዝውዙት። ከማንም በፊት በቦታው የሌለውን ሰው ድርሻ አስቀምጡ፤ ማንም ቢለምናችሁ አትስጡ።